ስታቢላይዘሩን ማን ገጠመው?

«ካልገባ በመዶሻ በይው» አለ ታላቅ ወንድሟ።

ዳዶ መኪናው ስር ካርቶን ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ፊቷ ላይ የሚረግፈውን ዝገት በክንዷ ትጠርጋለች። የወፍራሙ ብረት ጫፍና የማያያዣው ቀዳዳ በአንድ ጣት ያህል ተላልፈው አንገናኝም ብለዋል።

«መዶሻ አይደለም የቸገረው» አለች። «አንድ ጎን ብቻ ስላነሳን ብረቱ ተጣሞ ነው። ሁለቱን ጎማ እኩል ብናነሳቸው ራሱ ይገባል።»

«በምን ክሪክ? ያለን አንድ። ሌላ ፍለጋ ስንዞር አባዬ ይመጣና ጉድ ይፈላል። አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ።»

ብረቱ ስታቢላይዘር ይባላል። መኪናው ስር አግድም ተጋድሞ የግራውንና የቀኙን ጎማ ያያይዛል፤ መኪናው ኩርባ ሲዞር ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደል የሚይዘው እሱ ነው። የነሱ መኪና ዕድሜው ከዳዶ ይበልጣል፤ ስታቢላይዘሩም ቀጭን ነው። ወደ አያቷ ቤት የሚወስደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ይንጋደድና እናቷን ያስመልሳታል። እናቷ ፌስታል ሳትይዝ ገብታ አታውቅም። አባቷም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ «አይዞሽ፣ ደረስን» ማለት ልማዱ ነው።

ዳዶ የትምህርት ዕረፍቷን ሙሉ ስለዚህ ነገር ቪዲዮ ስታይ ከረመች። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫም ከተገጨ ተመሳሳይ መኪና የተፈታ ወፈር ያለ ብረት አገኘች። ለአባቷ ብትነግረው «ብሎን መፍታትና መኪና መሥራት ለየቅል ነው የኔ ልጅ» ብሎ ሳቀ። ያናደዳት ሳቁ ነው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አባቷ ልብስ ስፌት ቤቱ ሲሄድና ወንድሟ መኪናውን ዘይት ለማስቀየር ጋራዥ ወስዶ ሲመልስ ጊዜ አላጠፋችም። ክሪኩን ብቻ ስለማታምነው ወፍራም ግንድ ደገፈችበት። ወንድሟ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ ግን አያውቅም። የሱ ድርሻ ቁልፍ ማቀበልና ማጣደፍ ነበር። ዳዶ የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ ብሎን ላይ እንደሚጠብቀው ዳዶ አጭርና ድቡልቡል ነሽ፣ አንዴ ከያዝሽ አትለቂም ብሎ። ሊያበሽቃት ነበር፤ እሷ ግን ስሙን ወደደችው።

አሁን እጇ ዝሏል። «አቀብለኝ» አለች። በመዶሻው አንዴ መታች፣ ደገመች፣ ገባ። ብሎኑን አቅሟ እስኪያልቅ አጠበቀችው። ደስ ግን አላላትም።

ማታ ላይ አባቷ መኪናውን ይዞ ወጣ ብሎ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ይሄን መኪና ምን አገኘው? አደባባዩን እኮ ቀጥ ብሎ ዞረልኝ።»

«መካኒኩ ነው» አለ ወንድሟ ቀደም ብሎ። «ዘይት ሲቀይር ስታቢላይዘሩ ደክሟል ብሎ ለወጠው።»

«እጁ ይባረክ። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው።»

ዳዶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ይህን ሰማች። ጆሮዋ ውስጥ እስካሁን አፈር አለ። አባቷ ሊታጠብ ሲገባ ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው።

«ምን ላድርግ?» አለ ጎኑን እያሻሸ። «አንቺ ነሽ ብዬ ብነግረው ነገውኑ ያስፈታዋል። ሙያ በልብ ነው።»

«በልብ ከሆነ የመኪናው ግራሶ ጥፍሬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ብረቱ መኪናው ላይ እንዲቆይ ነው የምትፈልጊው ወይስ እንዲጨበጨብልሽ?»

ሁለቱንም ነበር የምትፈልገው። ጥፍሯን ፈትጋ ታጠበችና ተኛች።

እሑድ ጠዋት አያቷ ቤት ለመሄድ ሁሉም ለባብሰው ወጡ። እናቷ መኪናው ተሠርቷል ተብላ ፌስታሏን ቤት ትታዋለች። አባቷ መኪናውን ከግቢ ሊያወጣ በሩ ላይ ያለውን ቦይ ሲሻገር ከኋላ በቀኝ በኩል ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወደ ኋላ መለሰው፤ ቋ። ዳዶ ወዲያው ገባት። በመዶሻ ያስገባችው ብሎን ነው። ብረቱ ተጣሞ ሳለ የጠበቀ መስሏት ነበር፤ ጎማው መሬት ሲረግጥ ላላ።

አባቷ ወርዶ በሩን ጠረቀመው። «ይሄ ነው ባለሙያ? ቤተሰብ የሚጫንበትን መኪና እንዲህ አድርጎ ይሰጣል?»

«እኔ ወስጄ አስጠብቀዋለሁ» አለ ወንድሟ። ዳዶን በዓይኑ ጠቀሳት። «ጋራዡ ጥግ ላይ አይደል? እናንተ ቁጭ በሉ፣ መጣሁ።»

«ውሰደው። ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም ብሎሃል በለው። ለደንበኞቼም አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ስሙን ሰፈር ይወቀው።»

ቁልፉ ከአባቷ እጅ ወደ ወንድሟ እጅ ሊሻገር ነው። መካኒኩ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ወፍራሙ ብረት ይቆያል፣ እሷንም ማንም አይጠይቃትም። መካኒኩ ግን ባልነካው ሥራ ስሙ ሊጠፋ ነው። ዳዶ በመካከላቸው ገባች።

«ጋራዡ አልነካውም» አለች። «እኔ ነኝ የገጠምኩት።»

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። አባቷ ወደሷ ዞረ።

«አንቺ?»

«እኔ። ትናንት እጁ ይባረክ ያልከው የኔን እጅ ነው። አሁን የሚንኳኳውም የኔ ነው።»

«እናትሽን እኮ ነው እዚህ ውስጥ ላስቀምጥ የነበረው!»

ይቺ ቃል ወጋቻት። ከጩኸቱ ይልቅ ይቺ። አፈረች፣ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«አሮጌው ብረት ይመለሳል» አለ አባቷ። «አንቺም ሁለተኛ እጅሽ እዚህ መኪና ላይ እንዳላየው።»

«አሮጌውን መመለስ መብትህ ነው። መጀመሪያ ግን ያበላሸሁትን አስተካክላለሁ። አንተ የሰፋኸው ሱሪ ስፌቱ ቢለቅ አምጡት ትላለህ እንጂ ሱሪውን ትጥላለህ?»

እናቷ ሳቋ ሲመጣባት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። አባቷ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዳዶም እሺታውን ቆማ አልጠበቀችም፤ የጎረቤታቸውን፣ የጭነት መኪና ሾፌሩን፣ በር ልታንኳኳ ሄደች።

«ጋሼ፣ ክሪክ አውሰኝ።»

ሁለቱን ክሪክ ግራና ቀኝ አድርጋ የኋላ ጎማዎቹን እኩል አነሳች፤ ግንድ ከሁለቱም በኩል ደገፈች። ወንድሟ ሳይጠራ መጣ። በአዲስ ሸሚዙ መሬት ላይ ተጋድሞ ባትሪ ያበራላት ጀመር፤ እንደሱ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ቅጣት ነው። ብሎኑን ስታወጣው ጥርሱ በመዶሻው ተበልቷል። ከብረቱ ጋር ገዝታ ባስቀመጠችው አዲስ ብሎን ቀየረችው። ቀዳዳው አሁን ልክ ገጥሟል፤ ብሎኑ በጣቷ ተገፍቶ ገባ።

«ይኸው» አለችው። «መዶሻ መዶሻ ስትል።»

«እሺ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ።»

መኪናውን ካወረደች በኋላ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ፣ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጠበቀች። ከስር ስትወጣ አባቷ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አጎንብሶ እጁን ሰደደና ብረቱን ይዞ ነቀነቀው፤ የሰው ስፌት ሲመረምር እንደሚያደርገው። ተነስቶ እጁን በመሐረብ ጠረገና ወደ መሪው ሄደ።

«ብቻዬን ልሞክረው ነው» አለ። «ማንም እንዳይገባ።»

ዳዶ የኋላውን የቀኝ በር ከፍታ ገባች። መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው።

«ውረጂ።»

«ድምፁ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንተ ከፊት ሆነህ አትሰማውም።»

«ውረጂ አልኩሽ።»

«አልወርድም አባዬ።»

በመስታወቱ ተያዩ። አባቷ ሞተሩን አስነሳ፤ ቦዩን ቀስ ብሎ ተሻገረ። ምንም አልተንኳኳም። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ አቆመና ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየ። በቀኝ በኩል ሜዳ ሜዳው አለ፤ በግራ ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጀምራል።

ዳዶ ቀበቶዋን አሰረች። ጆሮዋን ወደ ጎማው አዘነበለች።

«በግራ በኩል ንዳ» አለችው።