አስተርጓሚዋ

ዘሩባቤል የእህቱን የቤርሳቤህን ፀጉር በእጁ ጠምጥሞ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ክኒኖቼን የት አደረግሽ?»

«ሽንት ቤት ጨመርኳቸው።»

«አትዋሺ፣ ጩጬ።» ደግሞ አላተማት። የቤርሳቤህ ጆሮ ጮኸ።

እናታቸው እናትነሽ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። የሳሙናው አረፋ ከእጇ ሳይወርድ ሮጣ መሃላቸው ገባች። ዘሩባቤል አጠገቡ የነበረውን ዱካ አንስቶ ሰነዘረ። ለማን እንደሰነዘረው እሱም ያወቀ አይመስልም። ያረፈው እናቱ ቅንድብ ላይ ነው። ደሙ ከአረፋው ጋር በጣቶቿ መሃል ወረደ። እሱ ዱካውን ጥሎ በባዶ እግሩ ወጣ።

በማግስቱ ሦስቱም፣ በተሰደዱባት የሶማሌ ከተማ 31 ሜይ በሚባል ሰፈር ባለ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሱስ የጀመሩ ልጆች ከነቤተሰባቸው የሚወያዩበት ፕሮግራም ነው። ለምና ያስመዘገበቻቸው እናትነሽ ናት። ዘሩባቤል ሁልጊዜ ተጎትቶ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ ግን ጠዋት ሲመለስ የእናቱን ፋሻ አይቶ ሳይጎተት ተከተላቸው። የእናትነሽ ሶማሊኛ ከአሠሪዋ ወጥ ቤት ስለማይወጣ የምታስተረጉምላት ቤርሳቤህ ናት። ዘሩባቤል ከእህቱ የተሻለ ሶማሊኛ ያውቃል።

አወያይዋ ኡባህ ፋሻውን አየች። «እናትሽ ምን ሆና ነው?» ስትል በሶማሊኛ ጠየቀች።

ቤርሳቤህ ጥያቄውን ለእናቷ ነገረቻት።

«በር መታኝ በያት» አለች እናትነሽ በአማርኛ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሌላ እንዳትጨምሪ፣ ልጄ። ወረቀት የለንም። ፖሊስ ከመጣ ወንድምሽን ወስደው ድንበር ላይ ነው የሚጥሉት።»

ዘሩባቤል ከወንበሩ ሥር የእህቱን እግር ረገጠ። «ሰምተሻል አይደል? እንዳታካብጂ» አለ በሹክሹክታ። «ቤት እንገናኛለን።» ተረከዙን ጣቶቿ ላይ አዞረው።

ኡባህ በመጀመሪያው ቀን «እዚህ የተነገረ ለፖሊስ አይሄድም» ብላ ነበር። ያንንም የተረጎመችው ቤርሳቤህ ናት። እናቷ አላመነችም። ቤርሳቤህ ራሷ ትመን አትመን እስካሁን አልወሰነችም።

ኡባህ አላጣደፈቻትም። ቤርሳቤህ የእናቷን ፋሻ አየች። በአንዱ ጠርዝ ደሙ ጨርቁን እንደገና ማርጠብ ጀምሯል።

እግሯን ከጫማው ሥር ስባ አወጣች።

«እናቴ በር መታኝ ትላለች» አለች በሶማሊኛ። «ለእሷ የምተረጉመው እዚህ ላይ አለቀ።»

ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ የተነቀለበት ቦታ ገና ቀይ ነበር።

«ከዚህ በኋላ የምናገረው የራሴን ነው።»