ወንድሜን የት ጣልከው?

«አጎቴ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» መካኒኳ መሪውን ጠመዘዘች። አሮጌው ፎርዊል መኪና ወንዙን ጥሶ ገባ፤ ቀዝቃዛው ውሃ የጋለው ሞተር ላይ ተረጨ። ከማዶ የሚታየው አቧራ የዚያ ከሃዲ ሹፌር ነው። የወንድሟን መኪና ቀምቶ፣ ወንድሟን በረሃ ላይ ጥሎት ሄደ። ሬሳው እስካሁን አልተገኘም፤ የት እንደወደቀ የሚያውቀው ያ አረመኔ ብቻ ነው።

ማዶ እንደወጡ ሞተሩ ጠጠጠጠ አለ። ኮፈኑን ከፈተች። በጭስ ማውጫውና በሞተሩ መካከል ጭስ እንዳይሾልክ የሚያሽገው ጋስኬት ተበልቷል። መንገዱ ዳር ደግሞ ሌላ የተቃጠለ ጋስኬት ወድቋል።

«የሱም ጋስኬት እዚሁ ተቃጥሎበታል» አለች። «ቀይሮ ነው ያመለጠው።»

«ታዲያ ቀይሪያ! በሞቴ፣ ፍጠኚ!»

«መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።»

«የኔ ደም እየፈላ አንቺ ሞተር ታቀዘቅዣለሽ?»

የሷስ ደም መች ቀዘቀዘ! ግን የጋለ ብሎን ከታገሉት ይሰበራል። ሲመሻሽ አሮጌውን ጋስኬት ፍቃ ሳትጨርስ ጅቦች ከበቧቸው። አጎቷ በድንጋይና በስድብ መለሳቸው፤ ስድቡ ሳይብስ አልቀረም። አዲሱን አስገብታ የብሎኖቹን ማሰሪያ ዳዶዎች ከመሃል ወደ ዳር አጠበቀች። ጥቂት ነድታ ግን እንደገና አቆመች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አዲስ ጋስኬት አንዴ ከጋለ ይላላል። ቀዝቅዞ ዳዶው እንደገና ካልጠበቀ ጭሱ ይሾልካል።»

«አመለጠና!»

«የት አባቱ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ጎህ ሲቀድ ደረሱበት። የወንድሟ መኪና አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያጓራል፤ መስኮቱ ለአቧራው ተዘግቷል። በላላው ጋስኬት የሾለከው ጭስ ውስጡን ሞልቶት፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቷል። ገና ግን ይተነፍሳል።

አጎቷ እጇን ያዘ። «ተዪው፣ እግዜር ፈርዶበታል። በሩን አትክፈቺ።»

በህልሟ ስንቴ ገድላዋለች! ጥርሷን ነከሰች።

«እንዲህ ተኝቶማ አይሞትልኝም!» በሩን በርግዳ፣ በአንገትጌው ጎትታ አሸዋው ላይ ዘረረችው። እያሳለ ዓይኑን ሲገልጥ ደረቱ ላይ በጉልበቷ ተጫነችው። «ወንድሜን የት ጣልከው?»

አለቀሰ፤ መራቸው። ከደረቀ ግራር ሥር የወንድሟ ቱታ አጥንት ታቅፎ ተኝቷል። ሹፌሩን በመፍቻው ልትለው እጇን አነሳች። ግን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ተሸከመው!» ብላ ጮኸች እያለቀሰች።

በማግስቱ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ልጄስ?» አለች።

መካኒኳ የአጥንቱን ጥቅል ያቀፈውን ሹፌር ወደፊት ገፋችው።

«እናቴ ጠይቃሃለች» አለችው። «ንገራት።»