የሚፈላው ሥዕል

አቶ አዱኛ ከማደባለቂያው ታንከር ሥር በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ያለው የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ነበሩ። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲያዩ ታንከሩ ገንፍሎ ፊታቸውንና ደረታቸውን አቃጥሏቸዋል። ከክዳኑ አፍ እስከ መሰላሉ ድረስ ቡናማ አረፋ ደርቋል።

ኢንስፔክተር ለተሥላሴ ስትደርስ የሞተሩ ሠራተኛ በዳዳ አስቀድሞ ታስሮ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ያስነሳው እሱ ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሞተሩ ተነሳ፤ ሞተሩ ሲነሳ ሰው ሞተ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የበዳዳ ነው ተባለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ የፈሰሰውን የመልቀሙ ሥራ ለለተሥላሴ ቀረላት።

የበዳዳ ሚስት ዳርቱ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች።

«የኔ እመቤት፣ እሱ ሰው አይጎዳም። አቶ አዱኛ እኮ እንደ አባቱ ናቸው» አለቻት።

ለተሥላሴ «እስቲ ልየው» ብቻ ብላ ገባች።

ፎቅ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚያልፍበት ቢሮ ጥግ፣ አንድ ኮምፒውተር ተከፍቶ ተቀምጧል። «እየሠራ ነው፤ አትንኩት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። የኮምፒውተሩ ባለቤት ወጣቷ ኢንጂነር አምለሰት ናት።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አለቻት ለተሥላሴ።

«የታንከሩ ሲሙሌሽን ነው። ፈሳሹ ሲናወጥ እያንዳንዱ እሽክርክሪት ወዴት እንደሚሄድ ያሰላል። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ለዚህ ነው የማልዘጋው።» ጣቷን ወደ ስክሪኑ ሰደደች። «ቀዩ አሲዱ ነው፤ ሰማያዊው ኮስቲክ ሶዳው። ማማሰያው እየዞረ ከሆነ ቀስ ብለው ይዋሃዳሉ። መብራት ጠፍቶ ከቆመ ግን ኮስቲኩ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ አሲዱ ከላይ ይቀራል። ያኔ ሞተሩን ድንገት ካስነሱት ይኸው!»

ቀዩና ሰማያዊው ተናነቁና ከታንከሩ አፍ አልፈው ወጡ።

«ክዳኑን ለምን ክፍት አድርገሽ ሠራሽው? ደንቡ ይዘጋ አይደል የሚለው?»

«አቶ አዱኛ ናቸዋ! መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከፍተው በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ይሄን የሠራሁት እንዳያጎነብሱ ብዬ ነው። ሳሳያቸው ‹የኔ ልጅ፣ ሳሙና በሥዕል አይሠራም› ብለው ሳቁብኝ።» የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አስተካከለች። «ከእሳቸው በቀር ቁጭ ብሎ ያየልኝ ሰው የለም።»

ቀጥሎ የፈረቃ አለቃው ሰላሙ ተጠራ። ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ ከአቶ አዱኛ ጋር የሠራ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው።

«አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ?»

«መጋዘን። ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«የአምለሰትን ሥዕል አይተውታል?»

«እኔ ኮምፒውተር የት አውቄ! ዞር ብዬም አይቼው አላውቅም። ይሄ ምን ምርመራ ያሻዋል? ሰማያዊው ከሥር ተኝቶ ቆየ፤ በዳዳ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ ገነፈለ። በቃ፣ የእግዜር ቁጣ ነው።»

ለተሥላሴ አመስግና ሸኘችው። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ወርዳ ከአሲዱና ከኮስቲኩ በርሜሎች ትንሽ ትንሽ በጠርሙስ አስቀዳች።

በማግስቱ ሁሉንም ታጥቦ በደረቀው ታንከር አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ዳርቱም እንድትገባ ተፈቀደላት። በዳዳ ካቴናው ተፈታለት።

«ጄኔሬተሩን አስነሳው» አለችው።

ጓሮው አጓራ፤ አምፖሎቹ በሩ። ሞተሩ ግን ዝም አለ።

«አያችሁ? ኃይል ሲመጣ ይህ ሞተር በራሱ አይነሳም። ያ አረንጓዴ ቁልፍ መጫን አለበት። ታንከሩ ሲገነፍል በዳዳ ጓሮ ጄኔሬተሩ ጋ ነበር፤ ጥበቃው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሞተሩ አብሮ ይነሳል ብለን ስላሰብን የጥበቃውን ምስክርነት ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ወደ ቁልፉ ሄደች። «እዚህ የቆመ ሰው ታንከሩን ፊት ለፊት ያያል። አቶ አዱኛ ማጎንበሳቸውን እያየ ነው የተጫነው። ቀጥሎ እነዚህን ተመልከቱ።» ጠርሙሶቹን አነሳች። «አሲዱ ቡናማ ነው። ኮስቲኩ ውሃ ነው የሚመስለው። በዚህ ግቢ ኮስቲክ ሰማያዊ የሆነበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ የአምለሰት ኮምፒውተር ላይ። አቶ ሰላሙ፣ ሥዕሉን ካላዩ ሰማያዊውን ከየት አመጡት? ማየት ወንጀል አይደለም። ለምን ካዱኝ?»

ሰላሙ አንገቱን ደፋ። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የሰላሙ ድምፅ ተሰማ።

«በዚያ ቢሮ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ሥዕሉ ይፈላል» አለ። «እኔ ይሄን ፋብሪካ ከመሠረቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አዱኛ ጡረታ ሊወጣ ሲል ቦታውን ለበዳዳ ሰጠው። ‹ከሰው መርጦ ለሹመት› ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት! እኔ ከሰው አልቆጠርም? መብራቱ መጣ። አጎንብሶ አየሁት። እጄ ቀደመኝ።»

«በዳዳ ሲታሰርስ? ያን ጊዜም እጅዎ ነው ዝም ያለው?»

ሰላሙ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ዳርቱ ባሏን አቅፋ ስታለቅስ በዳዳ በትከሻዋ ላይ ታንከሩን ይመለከት ነበር። ነፃ መውጣቱ አላስደሰተውም፤ እንደ አባቱ የሚያያቸው ሰው ቀብራቸው ላይ እንኳ ሳይደርስ ተቀብረውበታል።

ለተሥላሴ ልትሰናበት ወደ ፎቅ ስትወጣ አምለሰትን ከኮምፒውተሩ ፊት አገኘቻት። ወረቀቱ ተቀዶ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች አምለሰት ዞር ሳትል። «ሰው እንዳይሞት ብዬ፣ እንዴት እንደሚገደል ጥግ ላይ ከፍቼ ተውኩት።»

«አሁን ምን እየሠራሽ ነው?»

«ፍጥነቱን ቀንሼ ሞከርኩ። ውሃ ጨምሬ ሞከርኩ። ቁልፉ ተጭኖም እሳቸው የሚተርፉበትን እየፈለግኩ ነው።»

«ተገኘ?»

አምለሰት ራሷን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች። ለተሥላሴ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ተናንቀው ከታንከሩ አፍ አልፈው ወጡ። አምለሰት አንድ ቁጥር ለወጠችና እንደገና አስጀመረችው።