የዛሜራ ሰንደቅ አራተኛ ቀለም

አልጋ ወራሹ ዘውድ ሊጭን አርባ ቀን ሲቀረው፣ በዛሜራ ቤተ መንግሥት አናት ላይ የሚውለበለበው ሰንደቅ አንድ ቀለሙን ጥሎ አደረ። ዝናብ አልመታውም፤ ፀሐይም አልበላውም። ሰማያዊው አለ፣ ቀዩ አለ፣ ጥቁሩም አለ። አራተኛው ግራጫ መስመር ግን ነጥቶ ነጥቶ ሰማይ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ ሆነ።

ይህን ሰንደቅ የነደፈችው ንግሥት እምሪያ ናት። ሰባት ትውልድ ሲፋጁ የኖሩትን አራት ሕዝቦች ስታስታርቅ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቀለም በራሱ እጅ ነክሮ እንዲያመጣ አዘዘች። የሐይቁ ሰዎች ሰማያዊ፣ ገበሬዎቹ ቀይ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ጥቁር፣ የተራራው ታልማዎች ደግሞ ግራጫ አመጡ። ንግሥቲቱ አራቱን ሰፋቻቸው፤ ስፌቱንም አልደበቀችውም። ተጣልተው የታረቁ መሆናቸው ይታይ ብላ በፊት ለፊት ተወችው። የዛሜራ ሰው እስከ ዛሬ ሲምል «በስፌቱ!» ይላል።

የመማክርቱ አለቃ ኦርባን በሸንጎው መካከል ቆሞ እንዲህ አለ፦ «ታልማዎችን ወረርሽኝ ከጨረሳቸው ሃያ ዓመት ሆነ። ባለቤት የሌለው ቀለም ቢሄድ ምን ያስደንቃል? ሰንደቃችን ከእንግዲህ ባለ ሦስት ቀለም ይሁን።»

«እኔስ?» አለች አንዲት ወጣት ከኋላ።

ሲማራ ነበረች፤ የቤተ መንግሥቱ ልብስ ሰፊ፣ የታልማዎች የመጨረሻ ሰው። እናቷን ከቀበረች ወር አልሞላትም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሣ «ኦሩ ታልማ?» ብላ ራሷን ትጠይቅና «ታልማ ኦሩ» ብላ ለራሷ ትመልሳለች። እሳትሽ አድሯል ወይ? አድሯል፣ ማለት ነው። ሰው ራሱን ሰላም ሲል መስማት አንጀት ይበላል።

ዓይኗን በጨው አጥባ በአለቃው ፊት ቆመች። «በስፌቱ እምላለሁ! ቀለሙን አያቶቼ ከነከሩበት ምንጭ አመጣዋለሁ። ለዘውዱ በዓል ካልደረስኩ ሰንደቁን ባለ ሦስት አድርጉት፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ታልማ ነኝ አልልም።»

የደበዘዘውን መስመር ከሰንደቁ ፈትታ በጉያዋ ይዛ ወጣች። አብሯት የሄደው ሽማግሌው ሰንደቅ ያዥ ዶልሙ ብቻ ነው። «ጎዶሎ ሰንደቅ ተሸክሜማ አልቀበርም» እያለ፣ ከበሩ ጀምሮ ጉልበቱን እያማረረ ተከተላት።

ሆም የሚባለውን የሚያቃጥል በረሃ ተሻገሩ። ዞሮ ያየውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርግ ሰው ጠሪ ነፋስ በሚነፍስበት ሸለቆ ሲያልፉ፣ ነፋሱ ሲማራን በእናቷ ድምፅ ጠራት። ዶልሙ ክንዷን ይዞ ባይጎትታት ኖሮ ዞራ ድንጋይ ሆና ትቀር ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ዶልሙ «ሁልጊዜ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አላት።

«ከራሴ ጋር፣ አባቴ። የሚመልስልኝ የለም።»

«እስቲ መልሱን አስተምሪኝ።» ነገረችው፤ እሱም «ታልማ ኦሩ» አለ፣ ድንጋይ እንደሚያኝክ ሰው።

«እንዲያ አይደለም፤ ‹ሩ›ን ለስለስ ያድርጉት።»

«ምላሴ ሰባ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በላይ አይለሰልስም።»

ሲማራ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይባባሉ ጀመር።

በሃያኛው ቀን ከግራጫው ምንጭ ደረሱ። ምንጩን የሚጠብቀው ሆርጋ ነው፤ ቆዳው ድንጋይ፣ ዓይን የሌለው፣ ጆሮው ግን እንደ በር የሰፋ ፍጥረት።

«ቀለሙን እኔ አልሰረቅኩም» አለ ሆርጋ። «ግራጫው የሚኖረው አንዱ በታልማ ቋንቋ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስለት ነው። እናትሽ ስትሞት መላሽ አለቀ።»

«እኚህ ሰው ይመልሱልኛል።»

«በሁለት ቃል የሰንደቅ ዳር እንኳ አይቀለምም። ቋንቋሽን በሙሉ ለምንጩ ስጪ፤ ያኔ ቀለሙ ዳግመኛ አይለቅም። ለአንቺ ግን አንዲት ቃል አትቀርልሽም።»

ዶልሙ ትከሻዋን ያዘ። «ተይው፣ ልጄ። ጨርቅ ነው። አርባ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ጨርቅ ነው።»

«ቋንቋው ከእኔ ጋር የሚቀበር ነው፣ አባቴ። ሰንደቁን ግን ልጆች አንጋጠው አይተው ‹ይህ ግራጫ የማን ነው?› ብለው ይጠይቃሉ።»

ከምንጩ ላይ ተደፍታ መናገር ጀመረች። የቅጠሎቹን ስም፣ እሹሩሩውን፣ እርግማኑን፣ ሙሾውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። እያንዳንዱ ቃል ከውሃው ሲገባ ግራጫ እየሆነ፣ ከእሷ እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ቃል ጥርሷ ሥር ያዘች፤ እናቷ የምታቆላምጥበትን ስም። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ እሷንም ለቀቀቻት። ጨርቁንም ነከረች።

በዘውዱ በዓል ዋዜማ ደርሳ መስመሩን በገዛ እጇ ሰፋችው፤ ስፌቱም በፊት ለፊት ነበር። በማግሥቱ ሰንደቁ ባለ አራት ቀለም ሆኖ ወጣ። ኦርባን ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ፤ ሕዝቡም ሰንደቁን በእልልታ ተቀበለው። ሲማራ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቆማ የእናቷን እሹሩሩ በሆዷ ፈለገች። ዜማው መጣላት፤ ቃሉ የለም።

ዶልሙ የሰንደቁን እንጨት ከግድግዳ አስደግፎ ወደ እሷ መጣ። «ኦሩ ታልማ?» አላት።

«ምን አሉኝ፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እሳትሽ አድሯል ወይ? ማለት ነው። መልሱ ‹ታልማ ኦሩ› ነው። እስቲ በይ።»

«ታልማ ኦሩ» አለች፣ እየተደናቀፈች።

«እንዲያ አይደለም» አለ ዶልሙ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «‹ሩ›ን ለስለስ አድርጊው።» እሱ ራሱ አንድም ቀን አለስልሶት አያውቅም።