አሚን ባዮቹ

ተረት ነው የሚል ይበል። እኔ ግን እትዬ አልታዬን አውቃቸዋለሁ፤ ውሸት አይሆንላቸውም።

ባለፈው ግንቦት ነው፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... በጠራራ ፀሐይ።

መንደሪቱ ወዳጃ ነበራት። ክርስቲያኑም እስላሙም ከትልቁ ወይራ ሥር ይቀመጣል። ሼህ አሕመድኑር ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ "አሚን" ይላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ ያብሳል፤ ዱዓው የሚዘጋው ያኔ ነው።

ኋላ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም "ተዉት" ተባለ። ወጣቱ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አለቁ። ሼህ አሕመድኑርም አምና ተቀበሩ።

እትዬ አልታዬ ብቻቸውን ቀሩ።

ያላቸው አንድ ልጅ፣ እንዳልካቸው፣ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሞቹ "ቤቱ ውሰዱት" ብለው መልሰውታል።

"የት ልትሄጅ ነው፣ እማ?"

"ወይራው ጋ።"

"ማን አሚን ሊልሽ?"

"አንተ ብትልልኝ ምን አለበት?"

"እኔ አልልም።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለጎረቤታቸው ለየሻለም አደራ ብለው ሄዱ።

ወይራው ሥር ሣሩ ተኝቷል... ሰው የተቀመጠበት ይመስላል። ከብት ይሆናል ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

"ዝናቡን አውርድልን..."

"አሚን።"

ከኋላቸው ነው። የብዙ ሰው ድምፅ።

ዞረው ሊያዩ ቃጣቸው። ግን ዱዓ ተጀምሮ ወደ ኋላ አይዞርም።

ድምፆቹን ያውቋቸዋል። ያ ጎርናናው ሼህ አሕመድኑር ናቸው። ያቺ ቀጭኗ የእትዬ አልታዬ እህት ዓባይነሽ ናት። ሁሉም የተቀበሩ ናቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላቸው። አሚን ባይ አገኙ።

"አዝመራውን ባርክልን..."

"አሚን።"

"ልጄን ማርልኝ..."

ዝም።

"እንዳልካቸውን... ልጄን ማርልኝ።"

ዝም። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

"ምነው? ምን በደልኋችሁ?" አሉ እያለቀሱ። "አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?"

እጃቸውን ሳያጥፉ ጠበቁ።

ከዚያ ከጀርባቸው፣ እፍ ቢል ትንፋሹ በሚደርስበት ቅርበት፣ አንድ ድምፅ ብቻ...

"አሚን፣ እማ።"

ወዲያው የሻለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ..."

"ዝም በይ" አሏት በሹክሹክታ። "ገና አልዘጋሁትም።"

የልጃቸው ቀብር ላይ እንኳ አልተገኙም።

በቀደም ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዛሬም ቀን ቀን ወይራው ሥር ይውላሉ። የሻለም ታጎርሳቸዋለች። መዳፎቻቸው እንደተዘረጉ ናቸው።

ከጎናቸው ሣሩ ተኝቷል... የአንድ ሰው መቀመጫ ያህል።