አብረን ነው የምንሰማው

መስታወት ሁለት ጣቶቿን ጆሮዎቿ ውስጥ ሰክታ ነበር በባጃጅ የምትሄደው። ሹፌሩ የአስቻለችን አዲስ አልበም ለቆት ከሰቆጣ ገበያ ጀምሮ ያስጮኸዋል። ዞር ብሎ ልጅቷን ጆሮዋን አሟት እንደሆነ ጠየቀ። የመለሰችለት አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሰርክአዲስ ናት፤ አሟት ሳይሆን አስቻለችን ላትሰማ ምላ ነው አለችው። ሹፌሩ ከልቡ ሳቀ። መስታወት ሳቁንም ወሬውንም አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

እንዲህ ስትሆን ሦስት ሳምንቷ ነው። ድምፃዊት አስቻለች የጎረቤት ከተማ የአምደወርቅ ልጅ ናት። ከሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ ነው አልበም ያወጣችው፤ ያውም የመጀመሪያውን ዘፈን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ። ለሻደይ በዓል ሰቆጣ መጥታ ኮንሰርት ልታቀርብ ነው ሲባል ከተማው አበደ። የሰፈሩ ልጃገረዶች የሻደይን ጨዋታ ሲለማመዱ እንኳ መሃል ላይ የሚያነሱት የእሷን ዘፈን ነው። ኮንሰርቱ ነገ ነው፤ መስታወት ግን አንዲት ስንኝ አታውቅም።

«ነገ ሕዝቡ ሁሉ አብሯት ሲዘፍን አንቺ ምን ልትይ ነው?» አለቻት ሰርክአዲስ ከባጃጁ እንደወረዱ። «አፍሽን ብቻ ልታንቀሳቅሺ? ሼም እኮ ነው።»

«ምስጌ ይመጣል። አብረን ነው የምንሰማው።»

«ወንድምሽ ያለው ከወንዝ ማዶ ዝቋላ ወረዳ ነው፣ ጀለሴ። ወንዙ ሞልቶ መኪና ቆሟል ተብሏል።»

ሰርክአዲስ ክፉ አይደለችም። አልበሙን በብሉቱዝ የላከችላት ራሷ ናት። ለዘፈን ይህን ያህል መሐላ ምን እንደሚያደርግ ብቻ አይገባትም።

ነገሩ የቆየ ነው። ወንድሟ ምስጋናው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከትምህርት መልስ ጋሽ ቅጣው ሙዚቃ ቤት ይሠራ ነበር፤ ሥራው ለደንበኛ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን መጫን ነው። አዲስ አልበም የወጣ ሰሞን አንድ ሚሞሪ ይዞ እየሮጠ ቤት ይመጣል። ያኔ መስታወት ሰባት ስምንት ዓመቷ ነው። ጓሮ ካለው ቁልቋል ሥር ይቀመጡና ኢርፎኑን ይካፈላሉ፤ ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእሷ። ሕግም ነበራቸው፣ ያወጣው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲሰማ ዓይን ይጨፈናል፤ ዓይን ከተገለጠ ዘፈኑ ይሸሻል ይላት ነበር። እሷም እውነት መስሏት ጥርቅም ታደርገዋለች።

ዘፈኑ ሲያልቅ «እንዴ! እንዲህ ያለ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል በመገረም።

«አላውቅም» ትላለች። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት። «ለሁለታችንም መጀመሪያችን ነው፣ አይደል?»

«ለሁለታችንም» ይላታል።

ዛሬ ሙዚቃ ቤቱ ጫማ ይሸጥበታል። በራፉ ላይ ተገትረው ከጠዋት እስከ ማታ መንገዱን ያናውጡ የነበሩት ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። መስታወት አሁንም በዚያ ባለፈች ቁጥር በዓይኗ ትፈልጋቸዋለች። ምስጋናው መምህር ሆኖ ዝቋላ ተመደበ፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው። የአልበሙ ወሬ የተሰማ ሰሞን ግን ወጥቶ ደወለላት። ለሻደይ እንደሚመጣ፣ እስኪመጣም እንዳትሰማው ነገራት። እሷም ማለችለት።

እቤት ስትደርስ እናቷ ለነገ የምትለብሰውን ጥልፍ ቀሚስ እየተኮሰችላት ነበር። ወንዙ ካልጎደለ ልጇ እንደማይደርስ እናቷም ታውቃለች። ስሚው የኔ ልጅ፣ እሱ አይቀየምሽም አለቻት።

መስታወት ስልኳን ይዛ ጓሮ ወጣች። አልበሙ እዚያው ስልኳ ውስጥ ነው። ጣቷን አስጠጋች። ብትሰማው ማን ያውቅባታል? ሰርክአዲስም ትገላገላለች፤ ነገም እንደ ሰው ትዘፍናለች። ግን ከልጅነቷ የቀራት ይኸ ብቻ ነው። ይኸም ካለቀ ወንድሟ እንደዚያ ሙዚቃ ቤት የሚሆንባት መሰላትና ፈራች። ስልኩን ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተንኳኳ። ምስጋናው ነበር፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ወንዙ ጎደል ሲል በእግሩ ተሻግሮ ከማዶ ሌላ መኪና ይዞ ነው የመጣው። እናቱ እየሳመችው እግሩን እስኪታጠብ እንኳ ፋታ አልሰጠችውም። መስታወት ከኋላዋ ኢርፎኑን ይዛ ቆማለች፤ ያንኑ የድሮውን፣ ባለ ገመዱን።

«አልሰማሽውም?» አላት።

«ምዬልህ የለ?»

ምስጋናው ፊቷን አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

ቁልቋሉ ሥር ተቀመጡ። ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእሷ። ዓይኗን ጨፈነች። ከበሮው ቀደመ፤ የአስቻለች ድምፅ ተከተለ። ከድሮው ትንሽ ወፈር ብሏል እንጂ እሷው ናት። ኽምጣኛው እናቷ ብቻዋን ስትሠራ የምታንጎራጉረውን ይመስላል። መስታወት በደስታ እንባዋ መጣ።

ገመዱ ሳብ ሲልባት ሳታስበው በሽፋሽፍቷ ሥር አየች። ምስጋናው ዓይኑን አልጨፈነም። የሚያየው እሷን ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አስቻለች ቃሉን ሳትለው እሱ ቀድሞ ይይዘዋል። ዘፈኑን ከነአዝማቹ በቃሉ ያውቀዋል።

ተናደደች። እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮዋን ደፍና የከተማው መሳቂያ ስትሆን፣ እሱ መኪና ውስጥ ይሁን ዝቋላ ሻይ ቤት ሰምቶት ኖሯል። ልትነግረው ስትል ግን እነዚያ ሁለት ስፒከሮች ትዝ አሏት። አዲስ አልበም ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ያንን ዘፈን ይጮኹ ነበር። የሚከፍተው ማን ነበር? ምስጋናው ራሱ ነዋ። እየሮጠ ቤት የመጣ ጊዜ ሁሉ ዘፈኑን ስንቴ ሰምቶት እንደነበር እንጃ። የሰባት ዓመት ልጅ ይኸን አታሰላም፤ ደግሞም ዓይኗ ተጨፍኗል። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ እሷ ስትሰማ ያያት ነበር።

ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ እንደምንም ዋጥ አደረገችውና ሽፋሽፍቷን መልሳ ገጠመች።

ዘፈኑ አለቀ።

«እንዴ! እንዲህ ያለ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አላት፤ በዚያው በድሮው ድምፅ።

ዓይኗን ገልጣ አየችው። «አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነው።

ምስጋናው ጠበቃት። የምትጠይቀውን ያውቃል፤ መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር። መስታወት ግን አልጠየቀችውም።

«ቀጣዩን ክፈተው» አለችና፣ እሱ ሳይነግራት ዓይኗን ጥርቅም አድርጋ ጨፈነች።