ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር

ይሄን ፈጥሬ አይደለም የምጽፍላችሁ። ማርያምን! በእኔው በራሴ የደረሰ ነው። ቤዛዊት እባላለሁ።

ደብረ ታቦር ከተማ ነው፤ ነሐሴ፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ውጭ ያካፋል። "በቀን ደግሞ ምን ያስፈራል?" የምትሉ ካላችሁ... እስቲ ዝም ብላችሁ አንብቡ።

የተከራየሁት እትዬ ዘነበች ግቢ ነው። አንድ ልጃቸው እሸቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሞቶባቸው አርባው ገና አልወጣም። ሐዘን ቤት ስለሆነ ሬዲዮ እንኳን አይከፈትም። ቡሄ የሚጨፍሩት ልጆችም በራችንን አልፈው ነው የሄዱት።

እኔ ደግሞ ጊታር ጀማሪ ነኝ። ከጂ ወደ ሲ ኮርድ፣ ማለትም ከአንዱ የጣት አያያዝ ወደ ሌላው ስቀይር ጣቶቼ እርስ በርስ ይጣላሉ። ያስጀመረኝ ጓደኛዬ ምሕረትአብ ሲስቅብኝ ከርሞ፣ "ቀኝ እጅሽን ተይው። ክሩን ሳትመቺ ግራሽን ብቻ ቀያይሪ፣ ይለምዳል" አለኝ።

ደስ አለኝ። ድምፅ የለውማ! እትዬን ማሳዘን አልፈልግም፤ እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ።

በሬን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍሁ። ጂ... ሲ... ጂ...

ድርርም።

ሳላውቅ የነካሁት መሰለኝ። ቀኝ እጄን አየሁት። ጉልበቴ ላይ ነው።

ወደ ሲ ቀየርሁ።

ድርርም...

ክሮቹ ሲንቀጠቀጡ በዓይኔ አያለሁ። ጣቴ ሲዘገይ ድምፁ ይጠብቀኛል። አስተካክዬ ስይዝ ይመታል።

በሩ ተንኳኳ።

"ቤዛዬ..." እትዬ ናቸው፣ በሹክሹክታ። "በእሸቴ ሐዘን? ምነው ልጄ?"

"እትዬ፣ በእመቤቴ፣ እኔ አይደለሁም!"

ገቡ። ቀኝ እጄን አዩ። እኔም በድንጋጤ ጊታሩን አልጋው ላይ ጣልሁት።

አልቆመም።

ጭራሽ ፈጠነ! ማንም ሳይነካቸው ክሮቹ ወደ እንጨቱ ይጫናሉ፣ ይነሳሉ። ጂ፣ ሲ፣ ጂ... ስንት ቀን የታገልሁበትን፣ ምንም ሳይደናቀፍ።

"እሸቴ ነው" አሉ እትዬ። ፊታቸው በራ። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው።

"እትዬ፣ እንውጣ... እባክዎ።"

"ዝም በይ። ልጄ መጣልኝ።"

እሸቴ እኮ ጊታር ነክቶ አያውቅም! ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። አንጀቴ እምቢ አለኝ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

እጃቸውን ክሮቹ ወደሚጫኑበት ሰደዱ። ባዶውን ቦታ ዳበሱት... የሰው እጅ እንደሚዳበስ።

"ይሞቃል" አሉ እያለቀሱ። "እጁ ይሞቃል።"

ድምፁ ቆመ።

እሳቸው መዳበሳቸውን ቀጠሉ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ እያሉ። ከዚያ ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

"ቤዛ..."

"አቤት እትዬ።"

"የልጄ አይደለም።"

"ይልቀቁት! እትዬ፣ ይልቀቁት!"

ዞረው አዩኝ።

"እኔ መች ያዝሁት..."

ጣቶቻቸው ተጨምቀው ነጥተዋል። ክንዳቸው ቀስ እያለ ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ይሳብ ነበር።